የሙሶርግስኪን «የኤግዚቢሽን ሥዕሎች» እንዴት እንስማ? ተመልካቹን የመከተል ዘዴ

ይህን ሥራ መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሥዕሎቹን ያሳድዳል። ርእሱ ሥዕል ይላል፣ ክፍሎቹም የሥዕል ስም ተሰጥቷቸዋል። ጆሮ እንግዲህ ድንኩን፣ ግንቡን፣ ጫጩቶቹን ሲያባርር ይቆይና ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ ይደክመዋል። መከተል የሚገባው ግን ሥዕሎቹን እየዞረ የሚያየውን ሰው ነው። ሞደስት ሙሶርግስኪ ራሱን እዚያ አዳራሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሲያዘግም ጽፎታል። የዚያን ሰው እርምጃ አንዴ ከያዙት ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሙዚቃ ራሱ እጅዎን ይዞ ይወስድዎታል።

ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አራት ቀን፣ በቀን ከአሥር እስከ ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ደህና የጆሮ ማዳመጫ እና ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞ ማወቅ የሚበቃው

ሙሶርግስኪ በ1839 በፕስኮቭ ግዛት፣ ካሬቮ በምትባል መንደር፣ ከባለርስት ቤተሰብ ተወለደ። ፒያኖ ያስጀመረችው እናቱ ናት። በ13 ዓመቱ ሴንት ፒተርስበርግ ወደሚገኝ የዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት ገባ፣ በ1856 የፕሬኦብራዠንስኪ ክብር ዘበኛ ክፍለ ጦር መኮንን ሆነ፣ በ1858 ደግሞ ለሙዚቃ ሲል ወታደርነቱን ተወው። ያን ጊዜ ከባላኪሬቭ፣ ከኩዊ፣ ከቦሮዲንና ከሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ጋር ገጠመ፤ ሃያሲው ቭላዲሚር ስታሶቭ በ1867 «ኃያሉ ጭፍራ» ያላቸው አምስቱ ሰዎች እነዚህ ናቸው። ቦሮዲን ኬሚስት ነበር፣ ኩዊ የምሽግ መሐንዲስ፣ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ የባሕር ኃይል መኮንን። ሙሶርግስኪም በ1861 የሩሲያ ገባሮች ነፃ ወጥተው የቤተሰቡ ሀብት ሲመናመን የመንግሥት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ የደን አስተዳደር ወረቀት እያገላበጠ ኦፔራ የሚጽፍ ሰው ነበር። መጠጥ ጎዳው። በ1881 በወታደር ሆስፒታል ሲሞት ገና 42 ዓመቱ ነበር። ኢልያ ሬፒን ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ የሣለው ምስል፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ አፍንጫው የቀላ፣ ዓይኑ ግን የነቃ ሰው ያሳያል። ምስሉን ሞስኮ የሚገኘው የትሬትያኮቭ ሙዚየም ይዞታል። በስልክዎ ፈልገው አንዴ ይዩት፤ አዳራሹ ውስጥ የሚራመደውን ሰው መልክ ያገኛሉ።

ሥዕሎቹ የቪክቶር ሐርትማን ናቸው። ሐርትማን የሕንፃ ንድፍ ባለሙያና ሠዓሊ፣ የሙሶርግስኪም ወዳጅ ነበር፤ በ1873 በ39 ዓመቱ በድንገት ሞተ። በማግስቱ ዓመት ስታሶቭ ከ400 በላይ ሥራዎቹን ሰብስቦ በሴንት ፒተርስበርግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ሙሶርግስኪ ከራሱ ቤት ያሉትን ሥዕሎች አውሶ ነበር። ከዚያ በዚያው 1874፣ በአሮጌው የሩሲያ አቆጣጠር ከሰኔ 2 እስከ 22፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን ሥራ ጽፎ ጨረሰ። ለእርሱ ይህ የተለየ ፍጥነት ነው፤ ሌሎቹን ሥራዎቹን ለዓመታት እያንጠለጠለ ነበር የሚቆየው። በሕይወት ሳለ ኅትመቱን አላየም። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ አርሞ ያሳተመው በ1886 ነው፤ «አርሞ» የምትለዋን ቃል ይያዙልን፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ትክክለኛውን ቅጂ መምረጥ

ሥራው የተጻፈው ለአንድ ፒያኖ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል በ1922 ለኦርኬስትራ ያዘጋጀውን ነው፤ ያሠራው የኦርኬስትራ መሪው ሰርጌይ ኩሴቪትስኪ ሲሆን መጀመሪያ የተሰማው ፓሪስ ውስጥ ነው። ሁለቱም ያስፈልግዎታል፣ ፒያኖው ግን ይቅደም። የራቬል ሥራ በቀለም የተሞላ ነው፤ ከእርሱ የጀመረ ሰው ወደ ፒያኖው ሲመለስ ቀለሙ የታጠበ ልብስ ይመስለዋል። ከፒያኖው የጀመረ ግን አጥንቱን አስቀድሞ ያየዋል፤ ኦርኬስትራው ሲመጣ ሥጋው የት የት እንደተጨመረ ያውቃል።

ሲፈልጉ የአቀናባሪውን ስም በላቲን ፊደል ይጻፉ። ርእሱ በእንግሊዝኛ «ፒክቸርስ አት አን ኤግዚቢሽን»፣ በፈረንሳይኛ «ታብሎ ዲዩን ኤክስፖዚሲዮን» ተብሎ ይገኛል። ከዚያ የትራኮቹን ቁጥር ይቁጠሩ። ሙሉው የፒያኖ ሥራ ተከፋፍሎ ሲቀመጥ 16 ትራክ ይሆናል፤ አሥር ሥዕል፣ ተመልካቹ በሥዕሎቹ መካከል የሚራመድባቸው አምስት «ፕሮሜናድ» እና ስምንተኛውን ሥዕል ተከትሎ የሚመጣ አንድ ተቀጥላ። የራቬል 15 ነው፣ አምስተኛውን ፕሮሜናድ ስላወጣው። አንዳንድ አታሚ ስምንተኛውን ሥዕልና ተቀጥላውን አንድ ትራክ ያደርጋቸዋል፤ ያኔ ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል። ጠቅላላ ርዝመቱ ሠላሳ ደቂቃ አካባቢ፣ ዘገምተኛ ከሆነ እስከ ሠላሳ አምስት ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚል ካገኙ የተቆራረጠ ነው፣ ይለፉት። በ1971 የወጣው የእንግሊዞቹ የኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር የሮክ አልበምና በ1975 ጃፓናዊው ኢሳኦ ቶሚታ በሲንተሳይዘር የሠራው በራሳቸው የሚሰሙ ናቸው፣ ለመጀመሪያ ግን አይሆኑም።

ለፒያኖው የስቪያቶስላቭ ሪችተርን የ1958 የሶፊያ ኮንሰርት ያህል የሚነገርለት ቅጂ የለም። አዳራሹ በየካቲት ጉንፋን የተያዘ ይመስላል፣ ሳሉ አያባራም፤ አጨዋወቱ ግን ያስረሳዎታል። ሳሉ ከረበሸዎ በስቱዲዮ የተቀዳ ሌላ ይምረጡ። የሆሮዊትዝን ለኋላ ያቆዩት፤ ኖታውን ራሱ እየጨመረ እየለወጠ ነው የተጫወተው፣ ስለዚህ የትኛው ሙሶርግስኪ የትኛው ሆሮዊትዝ እንደሆነ ጀማሪ ሊለይ አይችልም። ለኦርኬስትራው ፍሪትዝ ራይነር ከቺካጎ ሲምፎኒ ጋር በ1957 የቀዳው አያሳፍርም።

መሣሪያውን ማዘጋጀት

ብዙ ሰው «ሞከርኩት፣ አልገባኝም» የሚለው ሙዚቃው ከብዶት ሳይሆን እዚህ ተበላሽቶበት ነው። ሹፍል መጥፋት አለበት፤ የሥዕሎቹ ቅደም ተከተል ከተቀላቀለ ተመልካቹ አዳራሹን በመስኮት ገብቶ በጣሪያ የሚወጣ ይሆናል። በትራኮች መካከል ዝምታ የማያስገባውን አማራጭ ያብሩ፤ ሰባተኛው ሥዕል ስምንተኛው ላይ፣ ዘጠነኛውም አሥረኛው ላይ ሳያቋርጥ ነው የሚወድቀው። ማስታወቂያ በሚያስገባ ነፃ መተግበሪያ ላይ ሁሉንም በአንድ ፋይል የያዘ ቅጂ ይሻላል፤ ከገበያው ጫጫታ ወደ መቃብሩ ስትወርዱ መሐል የሳሙና ማስታወቂያ ቢገባ ነገሩ አበቃለት።

የስልክ ድምፅ ማጉያ አይበቃም። አራተኛውና ስምንተኛው ሥዕል የተጻፉት በፒያኖው ግራ ጫፍ ነው፣ ያንን ዝቅተኛ ድምፅ የስልክ ማጉያ ይውጠዋል። ድምፁን ሲያስተካክሉ ከመጀመሪያው ትራክ ተነሥተው አይወስኑ። መጀመሪያ ዘጠነኛውን ሥዕል ሃያ ሰከንድ ያህል ይክፈቱ፣ ጆሮዎን ሳያሳምም ጉልበቱ የሚሰማበትን ልክ ይያዙ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው እስከ መጨረሻው አይንኩት። በጣም ዝቅ የሚለው ቦታ ላይ ድምፅ የጨመረ ሰው ቀጥሎ ሲደነግጥ ማዳመጫውን ያወልቃል። ዳታ ለሚቆጥቡ፦ በመካከለኛ ጥራት ድምፅ ብቻ ከሆነ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ሙሉው ሥራ ወደ 35 ሜጋባይት ይሆናል። ቪዲዮ ብዙ እጥፍ ይበላል።

ቀን አንድ፦ እርምጃውን መማር

ዛሬ የሚሰሙት የመጀመሪያውን ፕሮሜናድ ብቻ ነው፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ ሦስት አራት ጊዜ። ፕሮሜናድ ሽርሽር ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት የምት ክፍሎች አንዲት ብቸኛ ዜማ ናቸው፣ አጃቢ የሌላት። ቀጥሎ ያቺው ዜማ በሙሉ ኅብረ ድምፅ ትደገማለች። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አውጪና ተቀባይ ነው። ሙሶርግስኪ ከሩሲያ ገበሬ ዘፈን የወሰደው ልማድ ነው፣ በኖታውም ላይ «በሩሲያ ሁኔታ» ብሎ ጽፎበታል።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያስገርማል። አውጪው የሚያዜማቸው ድምፆች ከአምስት አይበልጡም፣ እነርሱም ልክ የሜጀር ትዝታ ድምፆች ናቸው። ኪቦርድ ካለ ይሞክሩት። ሙሶርግስኪ ከሌላ ድምፅ ተነሥቶ ቢጽፈውም ለማቅለል ከዶ ብንነሣ እንዲህ ይሆናል፦

ላ – ሶል – ዶ – ሬሶል – ሚ
ሬሶል – ሚ – ዶ – ሬ – ላ – ሶል

መነሻው ላና ሶል፣ መድረሻውም ላና ሶል፣ ከዶ በታች ያሉት ናቸው፤ «ሬሶል» ውስጥ ያለው ሶል ግን ላይኛው ነው። «ሬሶል» ሁለት ድምፅ ቢሆንም የሚወስደው የአንድ ምት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ሁሉንም እኩል ሲያስረዝም እርምጃው ይንገዳገዳል። ታችኛውንና ላይኛውን ሶል ለየብቻ ከቆጠርን በጠቅላላው ስድስት ድምፅ ስለሆነ ባለ ስድስት ክር ክራርን በዚሁ ልክ ቃኝቶ መጫወትም ይቻላል። የትዝታን ስሜት ግን አይጠብቁበት። ድምፆቹ አንድ ቢሆኑም ትዝታ የሚያዝበት፣ የሚንሸራተትበትና የሚያለቅስበት ቦታ እዚህ የለም፤ ይህ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው።

አሁን ምቱን ይቁጠሩ። ላይኛው መስመር አምስት ነው፣ ታችኛው ስድስት። ተነሥተው ክፍሉ ውስጥ በእያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ ይራመዱ። በቀኝ እግር ከጀመሩ ሁለተኛው መስመር በግራ እግር ላይ ይወድቃል። ሁለቱ አንድ ላይ አሥራ አንድ ስለሆኑ ተቀባዮቹም ሲገቡ በግራ እግር ነዎት። ሰልፍ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ በአንድ እግር ይጀምር ነበር፤ ይህ ግን ከባድ ሰውነት ያለው፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ዘወር የሚል፣ የሚያይበት ነገር ስቦት እርምጃውን የሚያዛባ ሰው ነው። የሬፒንን ምስል ያስታውሱ።

ዜማውን ሳይሰሙ በአፍዎ ማንጎራጎር ከቻሉ የቀን አንድ ሥራ አልቋል። ካልቻሉ ነገም ይድገሙት፣ ወደ ሥዕሎቹ አይለፉ።

ቀን ሁለት፦ ከድንኩ እስከ ሁለቱ ሰዎች

ከመጀመሪያው ተነሥተው እስከ ስድስተኛው ሥዕል ይሂዱ፣ ሃያ ደቂቃ ይጠጋል። ሥራዎ አንድ ነው፤ ፕሮሜናዱ በተመለሰ ቁጥር ሰውየው ምን እንደሆነ መጠየቅ።

አንደኛው ሥዕል ጠማማ እግር ያለው ድንክ ነው። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይወድቃል። ከዚያ ፕሮሜናዱ ይመለሳል፣ ግን ለስለስ ብሎ። ተመልካቹ ቅድም ገብቶ የነበረው ደረቱን ነፍቶ ነው፤ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

ሁለተኛው አሮጌው ግንብ ነው፤ አራት አምስት ደቂቃ ይወስዳል፣ ጀማሪም ብዙውን ጊዜ እዚህ ይሰለቻል። የሚሰለቸው ከላይ ያለውን ዜማ ብቻ ስለሚሰማ ነው። ታች ግራ እጅ ላይ ያለችውን አንዲት ድምፅ ይያዙ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትለወጥም፣ አትነቃነቅም። ከላይ አዝማሪው በግንቡ ፊት ያዜማል፣ ከሥሩ ድንጋዩ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያቺን ድምፅ ከያዙ አምስት ደቂቃው አጭር ይሆናል።

ሦስተኛው ፕሮሜናድ አጭርና ከበድ ያለ ነው። ቀጥሎ የፓሪሱ የቱይለሪ መናፈሻ፣ ሲጫወቱ የሚጣሉ ልጆች፤ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ የሚያብራራው ነገር የለም።

ከቱይለሪ ወደ አራተኛው ሥዕል ፕሮሜናድ የለም። ሰውየው አልተራመደም፤ ዞር ሲል ቢድሎ ከፊቱ ቆሟል። ቢድሎ በፖላንድኛ ከብት ማለት ነው፣ ሥዕሉም ግዙፍ ጎማ ያለው የበሬ ጋሪ። ቅድም ይያዙ ያልንዎ «አርሞ» እዚህ ትመጣለች። ሙሶርግስኪ የጻፈው ከመጀመሪያዋ ድምፅ ጀምሮ በሙሉ ኃይል ነው፤ ጋሪው ከአፍንጫዎ ሥር ይነሣና እየራቀ ይሄዳል። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ሲያሳትመው መነሻውን ዝቅ አደረገው፤ ጋሪው ከሩቅ መጥቶ አልፎ የሚሄድ ሆነ። ራቬል በእጁ የነበረው የሪምስኪ እትም ስለሆነ እርሱም ያንኑ ተከተለ። የእጅ ጽሑፉን የሚከተል እትም የወጣው በ1931 ነው። ስለዚህ ቢድሎ የፒያኖ ተጫዋቹ የትኛውን ኖታ እንደያዘ የሚታወቅበት መፈተኛ ነው፤ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ከጀመረ የቆየውን እትም ይዟል። በእኛ አስተያየት የሪምስኪው ያምራል፣ የሙሶርግስኪው ግን ይከብዳል፤ በሬም መክበድ አለበት።

አራተኛው ፕሮሜናድ በማይነር ነው፣ ሰውየው አዝኗል። መጨረሻውን ልብ ብለው ይስሙ። ዜማው ሳያልቅ አንዲት ቀልደኛ ጫጫታ ጣልቃ ትገባለች፣ ትጠፋለች፤ ዓይኑ አስቀድሞ ወደሚቀጥለው ሥዕል ሾልኳል። ቀጥሎ ያልተፈለፈሉት ጫጩቶች ይደንሳሉ። ሐርትማን ይህን የሣለው «ትሪልቢ» ለተባለ የ1871 ባሌ ልብስ ሲነድፍ ነው፤ ልጆች ከቅርፊታቸው እጅና እግር አውጥተው። ንድፉ አለ፣ ይፈልጉት፣ ሙዚቃው ምን ያህል እንደተጠጋው ያያሉ።

ስድስተኛው ሳሙኤል ጎልደንበርግና ሽሙይለ ነው፤ አንዱ ባለጠጋ አንዱ ድሃ፣ ሁለቱም የፖላንድ አይሁድ። ሥዕሎቹ ሁለት የተለያዩ ነበሩ፣ ሙሶርግስኪ ነው ያገናኛቸው። ባለጠጋው በዝቅተኛ ድምፅ ቀስ ብሎ ያዝዛል፤ ድሃው በላይኛው ድምፅ እየተንተባተበ ይለምናል፤ በመጨረሻ ሁለቱ እኩል ይናገራሉ፣ አንዱም ሌላውን አይሰማም። ሽሙይለ ሳሙኤል የሚለው ስም በይዲሽ ሲጠራ ነው፤ ስማቸው አንድ ነው ማለት ነው። አንዳንዶች ይህን ክፍል የዘመኑ የአይሁድ ጥላቻ ያደረበት ቀልድ ነው ይላሉ። በርእሱ በኩል የሚቀርበው ክስ ባዶ አይደለም።

ቀን ሦስት፦ ሰውየው የጠፋበት

ከአምስተኛው ፕሮሜናድ ይጀምሩ። ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል፤ አዳራሹን ከአዲስ እንደመግባት ነው። የመጨረሻው ሽርሽር ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ «ፕሮሜናድ» የሚል ርእስ አያገኙም። ሰውየው የት ሄደ? ቀሪው ሙዚቃ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ሰባተኛው የሊሞዥ ገበያ። ሴቶች ስለ ወሬ ይጨቃጨቃሉ። ሙሶርግስኪ ኅዳጉ ላይ ስለ ጠፍታ ስለተገኘች ላምና ስለ አንዲት እመቤት ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያወራ ቀልድ በፈረንሳይኛ ጽፎ መልሶ ሰርዞታል። ፍጥነቱ እየጨመረ፣ እየጨመረ ይሄድና ወለሉ ከሥር ይከፈታል። ያለ አንዲት እስትንፋስ ስምንተኛው ይመጣል፤ የፓሪስ የምድር ውስጥ መቃብር። ሐርትማን በሥዕሉ ራሱን ነው ያስገባው፤ ከጓደኛውና ፋኖስ ከያዘ መሪ ጋር ቆሞ አጽሞቹን ያያል።

እዚህ ዜማ አይፈልጉ፣ የለም። ረጃጅም ኅብረ ድምፆች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ይጮኻል፣ ቀጣዩ ያንሾካሹካል። ፒያኖ ድምፁን እንደ ትራምፔት ይዞ መቆየት አይችልም፣ ከተመታ ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። ሥራዎ ያ ሞት እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ከዚያ ተቀጥላው ይመጣል፤ ርእሱ በላቲን «ከሙታን ጋር በሞተ ቋንቋ» ይላል። ከላይ ቀጭን መንቀጥቀጥ፣ ከሥሩ... ያ ዜማ። ቀን አንድ ላይ በእግርዎ የለካችሁት የሽርሽር ዜማ በማይነር፣ በሹክሹክታ። ሙሶርግስኪ በእጅ ጽሑፉ ላይ የሟቹ ሐርትማን መንፈስ ወደ ራስ ቅሎቹ እንደሚመራውና ቅሎቹ ቀስ ብለው እንደሚበሩ ጽፏል። ሰውየው አልጠፋም፣ ሥዕሉ ውስጥ ገብቷል። ይህን ቦታ ያልሰማ ሰው ሥራውን አልሰማም ብንል ማጋነን አይሆንም፤ የቀን አንዱ ልምምድ ሁሉ ለዚህ ነበር።

ዘጠነኛው የባባ ያጋ ጎጆ ነው። ባባ ያጋ በሙቀጫ ተቀምጣ የምትበር፣ በዶሮ እግር በቆመ ጎጆ የምትኖር የሩሲያ ተረት ጠንቋይ ናት። የሐርትማን ሥዕል ግን የግድግዳ ጌጥ ያህል ሰላማዊ ነው፤ በጎጆ ቅርጽ የተነደፈ ሰዓት። ሥዕሉን አይተው ሙዚቃውን የሰሙ ልዩነቱ ያስቃቸዋል። መሐሉ ጸጥ ይላል፣ እንዳያታልልዎ፤ ሩጫው ተመልሶ ይመጣና በአንድ ዝላይ ወደ አሥረኛው ይገባል።

አሥረኛው የኪየቭ ታላቅ በር ነው። ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ዳግማዊ በ1866 ከግድያ ሙከራ ማምለጡን ለማሰብ ሐርትማን የነደፈው የድንጋይ በር፤ ጉልላቱ የጥንት ስላቭ ጦረኛ ቁር ይመስላል። አልተሠራም። ጸንቶ የቆመው በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ብቻ ነው። ታላቁን ዜማ መፈለግ አያስፈልግዎትም፣ ራሱ ይመጣል። ሊያመልጥ የሚችለው በመካከሉ ሁለት ጊዜ የሚገባው ጸጥ ያለ የዝማሬ ክፍል ነው። ከሩሲያ ኦርቶዶክስ የጥምቀት መዝሙር የመጣ ነው፤ ቃሉ ገላትያ 3፥27 ነው፣ በክርስቶስ የተጠመቁ ሁሉ ክርስቶስን እንደለበሱ የሚናገረው። ሙሶርግስኪ ከኖታው በላይ «ያለ ስሜት» ብሎ አዝዟል፤ ተጫዋቹ ካጣፈጠው ተሳስቷል። ከሁለተኛው ዝማሬ በኋላ ደወሎች መወዛወዝ ይጀምራሉ። ከደወሎቹ መካከል የሽርሽሩን ዜማ ይጠብቁ። እዚያው ነው። ሰውየው በበሩ እያለፈ ነው።

ቀን አራት፦ ኦርኬስትራው

አሁን ራቬልን ከዳር እስከ ዳር ይስሙ። የመጀመሪያውን ሽርሽር አንድ ትራምፔት ብቻውን ያወጣል፣ የናስ መሣሪያዎች ይቀበላሉ። አሮጌው ግንብ ላይ አልቶ ሳክስፎን ያዜማል፤ በዚያ ዘመን ለኦርኬስትራ ብርቅ ነበር፣ ከሳክስፎን ጋር ላደገ የአዲስ አበባ ጆሮ ግን ዘመድ ነው። ቢድሎን ቱባ ይጎትተዋል፤ ኖታው ለተለመደው ቱባ እጅግ ከፍ ስለሚል ብዙ ኦርኬስትራ አነስ ባለ መሣሪያ ያስጫውተዋል። ሽሙይለ አፉ የተደፈነ ትራምፔት ነው፣ ተጫዋቾች የሚፈሩት ቦታ። መቃብሩን ናሶቹ ይዘውታል፤ ፒያኖው ላይ ይሞት የነበረው ድምፅ እዚህ አይሞትም። የትኛው እንደሚሻል ራስዎ ይፍረዱ፤ እኛ ለመቃብሩ ፒያኖውን፣ ለበሩ ኦርኬስትራውን እንመርጣለን።

አምስተኛው ፕሮሜናድ ሲጎድል ይሰማዎታል። ከሽሙይለ ልመና በቀጥታ ገበያው ውስጥ ይወድቃሉ፣ ሰውየው አዳራሹን ዳግም ሳይገባ። ራቬል ድግግሞሽ ነው ብሎ ያስቀረው ይመስላል። ሽርሽሩን በእግርዎ ከቆጠሩ በኋላ ግን አንድ ደረጃ እንደጎደለው መወጣጫ ነው።

ቀጥሎ ምን?

የደወሎቹ ድምፅ ጆሮዎ ላይ ከቀረ «ቦሪስ ጎዱኖቭ» ከተባለው ኦፔራው የዘውድ መጫኛውን ትዕይንት ይክፈቱ። ሁለት ኅብረ ድምፆች ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ የክሬምሊንን ደወሎች ያሰማሉ። ድርሰቱ የተመሠረተው በፑሽኪን ቲያትር ላይ ነው፤ በቅድመ አያቱ በጋኒባል ምክንያት እኛ የራሳችን አድርገን የምናየው ፑሽኪን። ቅጂ ሲመርጡ ሦስት ዓይነት ያጋጥምዎታል፦ የ1869ኙ ሰባት ትዕይንት ያለው፣ የንጉሡ ቲያትሮች አንቀበልም ያሉት፤ የ1872ቱ የተስፋፋው፣ በ1874 ማሪንስኪ መድረክ ላይ የወጣው፤ እና ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ያስዋበው። ለመጀመሪያ የ1872ቱን ይውሰዱ። «ሌሊት በራሰ በራው ተራራ» ላይም ያው ችግር አለ፤ በየቦታው የሚሰማው ሪምስኪ በ1886 እንደ አዲስ ያዋቀረው ነው፣ ሙሶርግስኪ በ1867 የጻፈው ግን ሻካራና የሚያስፈራ ነው። የዘፈን ወዳጅ ከሆኑ «የሞት ዘፈኖችና ዳንሶች» አራት ዘፈን ብቻ ናቸው፣ ሃያ ደቂቃ አይሞሉም። የመጀመሪያው እሽሩሩ ነው፤ እሽሩሩ የምትለው ግን ሞት ናት፣ ልጁም በመጨረሻ ይተኛል።